ፕሮግራሙ ሳይቆም የሎግ ደረጃ መቀየር፦ ስድስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል። ገንዘብ ተቆርጦባቸው ማረጋገጫ ያልደረሳቸው ደንበኞች አሉ። ሰርቨሩ ውስጥ ስትገቡ ሎጉ (ፕሮግራሙ የሚሠራውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ) ዝም ብሏል፤ ፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሲስተም) ስለሆነ «ኢንፎ» ከሚባለው የሎግ ደረጃ በታች ያለው ሁሉ ተዘግቷል። የምትፈልጉት መስመር ኮዱ ውስጥ አለ፤ የጻፋችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ግን ደረጃው ዲበግ (ከኢንፎ በታች ያለው፣ ለስህተት ፍለጋ የሚጻፍ ዝርዝር) ስለሆነ አይታይም። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ደረጃውን ቀይራችሁ ሪስታርት ታደርጋላችሁ። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ችግሩም አብሮ ይጠፋል። ሎጉ አሁን ያለማቋረጥ ይለፈልፋል፤ የሚለፈልፈው ግን ስለ ጤነኛ ፕሮግራም ነው።

እኛ ጋ ይህ ነገር ሦስት ሳምንት ተደጋገመ። በመጨረሻ ሪስታርት ሳናደርግ ዲበግ የምንከፍትበት መንገድ ሠርተን ስንጠብቀው፣ ጊዜ ያለፈባቸው የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ወደ ፑሉ (ኮኔክሽኖች በጋራ ወደሚቀመጡበት ስብስብ) እንደማይመለሱ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ታየ። ለካ ሪስታርት ባደረግን ቁጥር ፑሉን አዲስ እያደረግን ማስረጃውን በገዛ እጃችን ስናጥብ ከርመናል። ደስታው ግን እስከ እሑድ ብቻ ነበር። ዲበጉን የከፈተው ልጅ አልዘጋውም፤ እሑድ ጠዋት ዲስኩ ሞልቶ ያው ሰርቨር ቆመ። ደንግጠን ትልቁን የሎግ ፋይል ሰረዝነው፤ ዲስኩ እንደሞላ ቀረ። በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ ከፍቶ የያዘው ፋይል ስሙ ቢሰረዝም ቦታውን አይለቅም። ፋይሉን ባዶ ማድረግ ነበረብን እንጂ መሰረዝ አልነበረብንም።

ስለዚህ ከታች ያሉትን መንገዶች ስመዝን ጥያቄዬ «እንዴት ይከፈታል?» ብቻ አይደለም። «ማን ይዘጋዋል?» የሚለውም አብሮ ይጠየቃል።

## መስፈርቶቹ

ማስረጃው ይተርፋል ወይ? የምትፈልጉት ችግር ሜሞሪ ውስጥ ያለ ነገር ከሆነ (የተጣበቀ ኮኔክሽን፣ የተቆላለፈ ትሬድ፣ የተበላሸ ካሽ) ፕሮሰሱን የሚያቆም ማንኛውም መንገድ ችግሩን ይዞ ይሄዳል።

ለስንት ፕሮሰስ ይደርሳል? አንድ ሰርቨር ማለት አንድ ፕሮሰስ ማለት አይደለም። በጉኒኮርን (የፓይተን ዌብ ሰርቨር) ስር አራት ወርከር (ጥያቄ የሚያስተናግድ ፕሮሰስ) የሚያስኬድ የፓይተን አፕሊኬሽን አራት የተለያየ ሜሞሪ፣ አራት የተለያየ ሎገር (ሎግ የሚጽፈው የኮድ ክፍል) አለው። የአንዱን ደረጃ መቀየር ሦስቱን አይነካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ምን ያህል ነጥሎ ይከፍታል? ጠቅላላውን አፕሊኬሽን ዲበግ ላይ ማድረግ፣ የክፍያውን ክፍል ብቻ መክፈት እና የአንድ ደንበኛን ጥያቄ ብቻ መከታተል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማን ይመልሰዋል? በቁጥር እንየው። አንድ የሎግ መስመር 200 ባይት ይሁን፤ አንድ ጥያቄ በዲበግ 40 መስመር ይጻፍ፤ በሰከንድ 100 ጥያቄ ይምጣ። ይህ በሰከንድ 800,000 ባይት፣ በሰዓት 2.9 ጊጋባይት ገደማ፣ በቀን 69 ጊጋባይት ነው። 40 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ያለው ሰርቨር አሥራ አራት ሰዓት አይሞላውም። ማታ ከፍቶ የተኛ ሰው ጠዋት ሥራ ሳይገባ ዲስኩ አልቋል ማለት ነው።

ቀሪዎቹ ሦስት መስፈርቶች ፍጥነት፣ ደህንነት እና ለመትከል የሚጠይቀው ሥራ ናቸው። ፍጥነት የሚባለውን ብዙ አላከብረውም። በአንድ ሰከንድም ሆነ በአንድ ደቂቃ ቢከፈት ለምርመራ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

## ከመምረጥ በፊት፦ ሁለቱ በሮች

ሎገሮች በዛፍ የተያያዙ ናቸው። «ክፍያ» የሚል ሎገር ስር «ክፍያ.ማረጋገጫ» የሚል ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ልጁ የራሱ ደረጃ ካልተሰጠው የወላጁን ይወርሳል። ስለዚህ ከላይ አንዱን ስትነኩ ከሥር ያሉት ሁሉ ይከተላሉ፤ ለራሳቸው ደረጃ የተጻፈላቸው ግን አይሰሙም።

ሁለተኛው ነገር መስመሩን ወደ ፋይል ወይም ወደ ስክሪን የሚያወጣው ሃንድለር ነው፤ የጃቫ ሰዎች አፔንደር የሚሉት። ሎገሩ የግቢው በር ቢሆን ሃንድለሩ የቤቱ በር ነው። በፓይተን ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50 ነው። ሎገሩን ወደ 10 ዝቅ አድርጋችሁ ሃንድለሩ 20 ላይ ከቀረ አንድም የዲበግ መስመር አይወጣም። «ደረጃውን ቀየርኩት፣ ምንም አልመጣም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

## 1. ኮንፊግ ቀይሮ ሪስታርት

ከዝርዝሩ አላወጣሁትም፤ አሁንም ብዙ ቦታ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ችግሩ በግብዓት የሚመጣ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ጥያቄ በተላከ ቁጥር የሚደገም ከሆነ፣ ሪስታርት ምንም አያጠፋባችሁም። ለመትከል ሥራ የለውም፣ አዲስ የደህንነት በር አይከፍትም፣ ለሁሉም ወርከር ይደርሳል።

ችግሩ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ግን ማስረጃ ያጠፋል። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ቢያንስ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የፕሮሰሱን ሁኔታ ያዙ። በጃቫ ጄስታክ እያንዳንዱ ትሬድ የት እንደቆመ ይጽፍላችኋል፤ በፓይተን ፓይ-ስፓይ ፕሮግራሙን ሳያቆም ተመሳሳዩን ያደርጋል። የእኛ የፑል ችግር ሎግ ሳያስፈልገው በዚህ ብቻ በታየ ነበር፤ ያኔ አላወቅንም።

## 2. ኮንፊግ ፋይሉን የሚከታተል ሎገር

ፕሮግራሙ ፋይሉን በየጊዜው ያያል፤ ተቀይሮ ካገኘው ደግሞ ያነበዋል። በጃቫው የሎግ ላይብረሪ ሎግባክ የኮንፊጉ አናት ላይ «ስካን» የሚለውን ትሩ ማድረግ ይበቃል፤ ሌላ ጊዜ ካልተሰጠው በየ1 ደቂቃው ያያል። ሌላው የጃቫ ላይብረሪ ሎግፎርጄ 2 «ሞኒተር ኢንተርቫል» የሚባል በሰከንድ የሚቆጠር ቁጥር ይፈልጋል፤ ካልተጻፈለት አይከታተልም። በሚቀየርበት ቅጽበት የሚመጡ መስመሮችንም አይጥልም። ዶትኔት ላይ የተለመደው የአፕሊኬሽን ሴቲንግ ፋይል ሲቀየር በራሱ ይነበባል። የፓይተን መደበኛ ላይብረሪ ግን ፋይል አይከታተልም፤ ያንን የሚያደርግ ትንሽ ትሬድ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ፓይተን ላይ ሳለን አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ኮንፊጉን እንደገና ስትጭኑ «ነባር ሎገሮችን ዝጋ» የሚለው አማራጭ ዲፎልቱ ትሩ ነው። አዲሱ ኮንፊግ ውስጥ እነሱም ወላጃቸውም በስም ያልተጠቀሱ ሎገሮች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ዝም ይላሉ። ዲበግ ልትከፍቱ ገብታችሁ ኤረሩንም ዘግታችሁ ትወጣላችሁ። ሁልጊዜ ፎልስ አድርጉት።

ሌላው ወጥመድ ፋይሉን የምታርሙበት መንገድ ነው። ኤዲተሩ በግማሽ የጻፈውን ፋይል ተከታታዩ ሊያነበው ይችላል። ሎግባክ የተበላሸ ኤክስኤምኤል ሲያገኝ ወደ ቀድሞው ጤነኛ ኮንፊግ ይመለሳል፤ በራሳችሁ የጻፋችሁት ትሬድ ግን ይህን ካላሰባችሁበት አያደርገውም። የታወቀው መፍትሔ በጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፎ ከጨረሱ በኋላ ስሙን መቀየር ነው። ይህም ዶከር (ፕሮግራምን በኮንቴይነር፣ ማለትም በተነጠለ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ላይ የራሱን ጣጣ ያመጣል፦ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያስገባችሁት አንድን ፋይል ብቻ ከሆነ፣ በስም ቅየራ የመጣው አዲስ ፋይል ስለሆነ ኮንቴይነሩ አሮጌውን ማየቱን ይቀጥላል። ፋይሉን ሳይሆን ፎልደሩን አስገቡ።

ኩበርኔቲስ (ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሲስተም) ላይ ኮንፊግማፕ (ኮንፊግ የሚቀመጥበት) በቮልዩም፣ ማለትም እንደ ፎልደር፣ ከተያያዘ ለውጡ በራሱ ፖዱ (ኮንቴይነሩን የያዘው ክፍል) ውስጥ ይደርሳል፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በ«ሰብፓዝ» (አንዱን ፋይል ብቻ ነጥሎ) ከተያያዘ ግን አይደርስም። በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ከገባም ፖዱ ሪስታርት እስኪያደርግ አይቀየርም። «ኮንፊግማፑን ቀየርኩ፣ ሎጉ አልሰማም» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ደህንነቱን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። በታኅሣሥ 2021 (በፈረንጆቹ) ዓለምን ያስጨነቀው የሎግፎርጄ ክፍተት ከተደፈነ በኋላ በዚያው ወር መጨረሻ ሌላ ወጣ፤ ቁጥሩ 2021-44832 ነው። የኮንፊግ ፋይሉን መቀየር የቻለ ሰው በዳታቤዝ አፔንደር በኩል የራሱን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር፤ በ2.17.1 ተዘጋ። ሎግባክም በተመሳሳይ ወቅት ተመሳሳይ ክፍተት ደፍኗል (2021-42550)፤ ለጥቃቱ የሚያመቸው አንዱ ሁኔታ ይኸው «ስካን» ቀድሞ ክፍት መሆኑ ነበር። የሎግ ኮንፊግ ተራ ጽሑፍ ይመስላል፤ የመጻፍ ፈቃዱ ግን እንደ ኮድ መጠበቅ አለበት።

ስለ መመለስ፦ ፋይል በራሱ አይመለስም። ይባስ ብሎ ከሪስታርት በኋላም ዲበግ ሆኖ ይነሳል። ያ እሑድ የደረሰብን በዚህ መንገድ ነው።

## 3. ሲግናል

ለፕሮሰሱ በኪል ትዕዛዝ ሲግናል (በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል የሚደርስ አጭር ምልክት) ትልካላችሁ፤ ዩዘር-1 ሲደርሰው ዲበግ ይከፍታል፣ ዩዘር-2 ሲደርሰው ይዘጋል። ኮዱ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ደህንነቱን እወደዋለሁ፦ መላክ የሚችለው ያው የፕሮሰሱ ባለቤት ወይም ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ብቻ ስለሆነ አዲስ ፖርት፣ አዲስ ፓስወርድ አያስፈልግም። ኔትወርክ ቢወድቅም ሰርቨሩ ላይ መግባት እስከቻላችሁ ድረስ ይሠራል።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ግን እዚህ ይመጣል። ሲግናሉን የሚቀበል ኮድ ያልጻፈ ፕሮግራም ዩዘር-1 ወይም ሃንግአፕ ሲደርሰው ዲፎልቱ መሞት ነው። ዲበግ የሚከፍት መስሏችሁ ፕሮዳክሽኑን ትገድላላችሁ፤ የትዕዛዙም ስም ኪል ነው እንግዲህ። በዚያ ላይ ሲግናሎቹ ባለቤት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ኖድ-ጄኤስ ዩዘር-1ን ለዲበገሩ ይዞታል። ጉኒኮርንና ኤንጂንኤክስ በዩዘር-1 የሎግ ፋይላቸውን እንደገና ይከፍታሉ፤ ከነጠቃችኋቸው የሎግ ማዞሪያችሁ (ሎግሮቴት) ይበላሻል። ዊንዶውስ ላይ ዩዘር-1 የሚባል ነገር የለም።

ኮንቴይነር ውስጥ ሌላ ጉዳይ አለ። ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ሼል ስክሪፕት ከሆነ ቁጥር 1 ፕሮሰስ የሚሆነው ሼሉ ነው፤ ሲግናሉ ለእሱ ይደርሰውና ወደ ልጁ አያሳልፈውም። ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ «ኤግዜክ» ብሎ ቦታውን ለፕሮግራሙ መልቀቅ አለበት።

ነጥሎ መክፈት የሲግናል ደካማ ጎን ነው። መልእክት መያዝ ስለማይችል «ክፍት» ወይም «ዝግ» ከማለት አያልፍም። ይህን በከፊል ለመፍታት ሲግናሉ ሲመጣ የትኞቹ ሎገሮች እንደሚከፈቱ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በሠላሳ ደቂቃ በራሱ የሚመልስ ታይመርም ጨምሩበት። ከዚያ በኋላ ዩዘር-2 ባይላክም ችግር የለም።

## 4. ኤችቲቲፒ ኤንድፖይንት

አሁን አሁን በጣም የተለመደው ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ትእዛዝ በኤችቲቲፒ የሚቀበልበት አድራሻ (ኤንድፖይንት)። የጃቫው ስፕሪንግ ቡት በአክቹዌተር (የመቆጣጠሪያ ክፍሉ) ውስጥ «ሎገርስ» የሚባል ኤንድፖይንት ከ1.5 ጀምሮ ይዞ ይመጣል፤ የሎገሩን ስም ጠርታችሁ አዲሱን ደረጃ በፖስት ትልካላችሁ፣ ባዶ (ነል) ስትልኩ ወደ ወላጁ ደረጃ ይመለሳል። በጎ ቋንቋ የዛፕ ላይብረሪ «አቶሚክ ሌቭል» ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ እንደ ኤችቲቲፒ ሃንድለር ያገለግላል። ከጎ 1.21 ጀምሮ በመደበኛው ኤስሎግ ውስጥ ያለው «ሌቭል ቫር» ደግሞ እየሠራ የሚቀየር ደረጃ ይሰጣችኋል፤ ኤንድፖይንቱን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። በፓይተንም በፍላስክ ወይም በጃንጎ ጥቂት መስመር ነው።

ነጥሎ መክፈት ላይ ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለውጡ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ስለሚቀመጥ በሚቀጥለው ሪስታርት በራሱ ይጠፋል። ድክመቱ የሚደርስበት ቦታ ነው። ጥያቄው በሎድ ባላንሰር (ጥያቄዎችን በሚያከፋፍለው) በኩል ሲገባ የሚያገኘው አንዱን ፕሮሰስ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ደረጃውን ደጋግማችሁ ስትጠይቁ አንዴ ዲበግ፣ አንዴ ኢንፎ ይላችኋል፤ እያንዳንዱ መልስ ከሌላ ወርከር የመጣ ነው። ሦስት ኢንስታንስ ላለው የጃቫ ሰርቪስ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን የውስጥ አድራሻ በስክሪፕት መጥራት። አንድ ፖርት ለሚጋሩ የጉኒኮርን ወርከሮች ግን የትኛው እንደሚመልስ መምረጥ ስለማትችሉ ይህ መንገድ አይሆናችሁም።

አክቹዌተር በኤችቲቲፒ ዲፎልቱ የሚያወጣው የጤንነት ኤንድፖይንቱን ብቻ ነው። ሎገርስን ለማውጣት ሲሉ የኮከብ ምልክት ጽፈው ሁሉንም የሚከፍቱ ብዙ ናቸው። ኮከቧ የሜሞሪውን ሙሉ ቅጂ የሚሰጠውን ሂፕ ደምፕ ጭምር ልታወጣ ትችላለች፤ የሜሞሪ ቅጂ ውስጥ ደግሞ ፓስወርድ አለ። «ሎገርስ» ብላችሁ በስም ጻፉ፤ በተለየ የውስጥ ፖርት ላይ አድርጉት።

የፓይተን ላይብረሪ በሶኬት ኮንፊግ የሚቀበል የራሱ አድማጭ አለው፤ ዲፎልት ፖርቱ 9030 ነው። አልመክረውም። የሚመጣው ኮንፊግ በከፊል እንደ ኮድ ስለሚተረጎም እዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ በእናንተ ፕሮሰስ ውስጥ የፈለገውን ሊያስኬድ ይችላል። ከ3.4 ጀምሮ የተጨመረውን ማረጋገጫ ካልተጠቀማችሁበት አትንኩት። በጃቫ በኩል ጄኤምኤክስን (የጃቫን የማስተዳደሪያ በር) የምትጠቀሙ ካላችሁም ሎግፎርጄ ከ2.24 ጀምሮ ዲፎልቱን ዘግቶታል።

የጃቫን መደበኛ ሎገር (ጁል) ለሚጠቀሙ አንዲት የምታስቅ ነገር፦ ሎገሩን በስሙ ጠርታችሁ ደረጃውን ስትቀይሩ፣ ሌላ ማንም ካልያዘው የሜሞሪ ጽዳቱ (ጋርቤጅ ኮሌክተር) ሎገሩን ያነሳዋል፤ የቀየራችሁት ደረጃም አብሮ ይጠፋል። ለአምስት ደቂቃ ሠርቶ የሚያቆም ዲበግ ካያችሁ ይህን ጠርጥሩ።

## 5. ማዕከላዊ ኮንፊግ

ኮንሰል፣ ኢቲሲዲ፣ ስፕሪንግ ክላውድ ኮንፊግ የመሳሰሉት እዚህ ይገባሉ። ደረጃው አንድ ቦታ ይጻፋል፣ ፕሮሰሶቹ ሁሉ ከዚያ ይሰማሉ። ብዙ ሰርቪስ ላለው ድርጅት ጥሩ ነው፤ ለሎግ ደረጃ ብቻ ተብሎ ግን ኮንሰል አይተከልም። አንድ ተጨማሪ ክላስተር ማለት ሌሊት የሚያስነሳችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር ማለት ነው።

እኛ በመጨረሻ የመረጥነው የዚሁን የድሃ ቤት ቅጂ ነው። ባለን ፖስትግሬስ ውስጥ ሦስት ኮለም ያላት ትንሽ ቴብል፦ የሎገሩ ስም፣ ደረጃው፣ የሚያበቃበት ሰዓት። እያንዳንዱ ወርከር በየ30 ሰከንዱ ያነባታል። ሰዓቱ ያለፈበትን መስመር እንደሌለ ይቆጥረዋል። የሚያበቃበትን ሰዓት ሳይሞሉ መስመር ማስገባት ዳታቤዙ ራሱ ይከለክላል። አራቱም ወርከሮች ይሰማሉ፣ ሪስታርት የለም፣ የሚረሳ ሰው ቢኖርም ሰዓቱ አይረሳም። ምን እስከ መቼ እንደተከፈተም ተጽፎ ይቀራል።

ደካማ ጎኗ ግልጽ ነው። ዳታቤዙ ራሱ የወደቀ ዕለት አዲስ ትእዛዝ አይደርስም። ለዚህም ወርከሩ የመጨረሻውን ንባብ በሜሞሪ ይዞ ማብቂያ ሰዓቱን በራሱ ሰዓት እንዲቆጥር አድርጉ፤ አለበለዚያ ዳታቤዙ ሲወድቅ ዲበግ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

## 6. ለአንድ ጥያቄ ብቻ

ደንበኛው ደውሎ «እኔ ላይ ብቻ ነው የሚበላሸው» ሲል መላውን ሲስተም ዲበግ ላይ ማድረግ ለአንድ ሰው ተብሎ መንደሩን መቀስቀስ ነው። በጃቫ የደንበኛው መለያ በትሬዱ አውድ (ኤምዲሲ) ውስጥ ከተቀመጠ፣ በሎግባክ ተርቦፊልተር፣ በሎግፎርጄ 2 ደግሞ «ዳይናሚክ ትሬሾልድ ፊልተር» ለእሱ ብቻ ዲበግ ይከፍታል። ተርቦፊልተር የሚሠራው የደረጃ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ስለሆነ ወጪው ትንሽ ነው።

ፓይተን ላይ በኮንቴክስትቫር (ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ ዋጋ በሚይዝ ቫሪያብል) እና በፊልተር ይሠራል፤ ግን ርካሽ አይደለም። ፓይተን መጀመሪያ የሎገሩን ደረጃ ስለሚያይ ሎገሩ ለሁሉም ዲበግ ላይ መሆን አለበት፤ ከዚያ ሃንድለሩ ላይ ያለው ፊልተር የማይፈለገውን ይጥላል። ማለትም እያንዳንዱ የዲበግ መስመር ተሠርቶ ይጣላል። ጥያቄ የሚበዛበት ሰርቪስ ላይ ይህ ይሰማል።

«ዲበግ ይከፈት» የሚለውን ምልክት ከውጭ በሚመጣ ሄደር አትቀበሉ፤ ማንም ሰው የእናንተን ዲስክ በነጻ እንዲሞላ መፍቀድ ነው።

## በአንድ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ማስረጃው ይተርፋል? | የሚደርስበት | ነጥሎ መክፈት | በራሱ ይመለሳል? | ዋና ስጋት | የመትከል ሥራ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሪስታርት | አይተርፍም | ሁሉም ወርከር | በሎገር | አይመለስም | ማስረጃ መጥፋት | የለም |
| ፋይል ክትትል | ይተርፋል | ፋይሉን የሚያነብ ሁሉ | በሎገር | አይመለስም፣ ከሪስታርት በኋላም ይቀራል | ፋይሉን የመጻፍ ፈቃድ | ጃቫና ዶትኔት ትንሽ፣ ፓይተን መካከለኛ |
| ሲግናል | ይተርፋል | የተላከለት ፕሮሰስ | ደካማ | ታይመር ከተጨመረ | ባልተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ መግደል | ትንሽ |
| ኤችቲቲፒ | ይተርፋል | አንድ ፕሮሰስ | በሎገር፣ ጥሩ | በሪስታርት ብቻ | ክፍት ኤንድፖይንት | ስፕሪንግ ላይ ትንሽ |
| ማዕከላዊ (ወይም ቴብል) | ይተርፋል | ሁሉም | በሎገር፣ ጥሩ | ማብቂያ ሰዓት ካለው | ማዕከሉ ሲወድቅ | ቴብል መካከለኛ፣ ክላስተር ከባድ |
| በጥያቄ | ይተርፋል | ትእዛዙ በተላለፈበት መንገድ ይወሰናል | እጅግ ጥሩ | ትእዛዙ በተላለፈበት መንገድ ይወሰናል | ከውጭ የሚመጣ ምልክት | ከባድ |

## ለማን የትኛው?

አንድ ሰርቨር፣ አንድ ፕሮሰስ፣ ሁለት ሰው ያለው ቡድን ከሆናችሁ ሲግናል ከታይመር ጋር ይበቃችኋል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ ያልቃል። ጃቫ ከሆነ ደግሞ የሎግባክ ስካን ከዚያም ያነሰ ሥራ ነው፤ ማን እንደሚመልሰው ግን በስም ወስኑ።

ፓይተን በብዙ ወርከር የምታስኬዱ ቴብሏን ውሰዱ። ኤንድፖይንት ለመጻፍ የምታጠፉት ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ኤንድፖይንቱ ግን ለአንዱ ወርከር ብቻ ነው የሚደርሰው።

ጥቂት የስፕሪንግ ቡት ኢንስታንስ ላላችሁ አክቹዌተር በውስጥ ፖርት፣ ሁሉንም አድራሻ ከሚጠራና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነል ከሚልክ ስክሪፕት ጋር። ኩበርኔቲስ ላይ አሥርና ሃያ ፖድ ካለ ኮንፊግማፕ በቮልዩም፣ ወይም ቀድሞ የተተከለ ማዕከል ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ።

የባንክና የክፍያ ሥራ ላይ ያላችሁ ስድስተኛውን መንገድ ብትከፍሉበት አትጸጸቱም። ምክንያቱ የዲስክ ቦታ ብቻ አይደለም። ዲበግ መስመር ውስጥ ስልክ ቁጥር፣ የሂሳብ ቁጥር፣ አንዳንዴም የይለፍ ቁጥር ይገባል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ ይህ የዲቨሎፐሩ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የአንድ ደንበኛን መከፈት መቆጣጠር ይቻላል፤ የሁሉም ተከፍቶ ለማን እንደታየ መልስ መስጠት ከባድ ነው። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ቁጥሮቹን የሚሸፍን ፊልተር ሃንድለሩ ላይ ይኑር።

ችግሩ እናንተ ኮድ ውስጥ ላይሆንም ይችላል። ፖስትግሬስ ዘገምተኛ ኩዌሪዎችን የሚጽፍበትን ገደብ በሚሊሰከንድ ቀይራችሁ ኮንፊጉን እንደገና እንዲያነብ በአንድ ፈንክሽን ማዘዝ ትችላላችሁ፤ ሪስታርት አያስፈልገውም። ሬዲስም የሎግ ደረጃውን በአንድ ትእዛዝ ይቀይራል። የሊኑክስ ከርነል እንኳ «ዳይናሚክ ዲበግ» ተካቶ ከተሠራ በፋይል፣ በፈንክሽን፣ በመስመር ቁጥር ደረጃ ዲበግ ይከፍታል።

ደንበኛው በነገራችሁ ሰዓት ስትፈልጉም ተጠንቀቁ። «ከቀኑ ስምንት ሰዓት» ያለው በሰርቨሩ ሎግ ላይ፣ ሎጉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ፣ 11:00 ነው፤ ስድስት ሰዓት ለእኛ አቆጣጠር ጨምሩ፣ ሦስት ሰዓት ለአዲስ አበባ ቀንሱ። ዲበግ ከፍተን የተሳሳተ ሰዓት ስናነብ ያመሸንባቸው ቀናት አሉ። የቴብሏ ማብቂያ ሰዓትም በዩቲሲ ይጻፍ።

የመረጣችሁትን ከተከላችሁ በኋላ ችግር እስኪመጣ አትጠብቁ። በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ፕሮዳክሽኑ ላይ አንዱን ትንሽ ሎገር ለአሥር ደቂቃ ክፈቱት። መስመሮቹ ከሁሉም ወርከር እየመጡ እንደሆነ በፕሮሰስ ቁጥራቸው ቁጠሩ። ከዚያ እጃችሁን አንሱና አራት ሰዓት ከአሥር ላይ በራሱ መዘጋቱን እዩ።